የሙዳየ ምጽዋቱ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱን መርጠናል። የጠያቂዎቹን ስምና አጥቢያ አላወጣንም፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናቸዋል። ለመጀመሪያው ሰፋ ያለ ቦታ የሰጠነው ብዙ አጥቢያ የሚቸገርበት ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ በሽያጭ ሥራ እተዳደራለሁ። በቅርቡ የአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ተመርጫለሁ፤ የሒሳብ ትምህርት ግን የለኝም። ከእኔ በፊት የነበሩት ሰው በሐሜት ተጎድተው ነው የወጡት። ያጥፉ አያጥፉ የሚያሳይ ወረቀት አልነበረም። እኔ ላይ ይህ እንዳይደርስ ምን ላድርግ? «የእግዚአብሔር ገንዘብ ነው፣ እርሱ ያውቃል፣ ይህን ያህል መቆጣጠር እምነት ማጣት ነው» ለሚሉኝስ ምን ልመልስ?

መልስ፦ ከኋለኛው ጥያቄዎ እንነሣ። እንዲህ የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱት ቃል አላቸው። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 12 የቤተ መቅደሱን እድሳት ይመሩ የነበሩት ሰዎች በታማኝነት ይሠሩ ስለነበር ሒሳብ አልተጠየቁም ይላል። እውነት ነው፤ ግን ምዕራፉን ከላይ ጀምሮ ማንበብ ይገባል። ቀድሞ ካህናቱ እያንዳንዳቸው ከሚያውቁት ሰው ገንዘብ ይቀበሉ ነበር፤ እስከ ንጉሡ ኢዮአስ 23ኛ ዓመት ድረስ ግን የቤቱ ፍራሽ አልተጠገነም። ስለዚህ ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ ክዳኑን ነደለና በመሠዊያው አጠገብ አኖረው። ገንዘቡ ሲበዛ የንጉሡ ጸሐፊና ታላቁ ካህን መጥተው አብረው ቆጠሩት፤ በከረጢትም ቋጠሩት። አንድ ሰው ከቤተ መንግሥት፣ አንድ ሰው ከቤተ መቅደስ መሆኑን ልብ ይበሉ። ሠራተኞቹ ያልተጠየቁት ገንዘቡ በሁለት ወገን ዓይን ከተቆጠረ በኋላ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን ይዞ አልሄደም። አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት እንዲጓዝ አድርጓል፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ብሎ ምክንያቱን ጽፏል (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥19-21)። በእኛም ቤተ ክርስቲያን በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ቃለ ዓዋዲ (የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ) ሲወጣ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በሰበካ ጉባኤ አብረው እንዲቀመጡ ተደርጓል። ስለዚህ ሲቆጥሩ የቆየ የቤተ ክርስቲያን ሥራ እየሠሩ ነውና አይሸማቀቁ።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ርክክብ ሳይፈጸም ምንም አይረከቡ። በርክክቡ ቀን አምስት ነገሮች በወረቀት ላይ ይስፈሩ፦ የባንክ ቀሪ ሒሳብ (ባንኩ ባተመው ወረቀት)፣ በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ፣ ያልተቆረጡ ካርኒዎች ከነተከታታይ ቁጥራቸው፣ ያልተሠራባቸው ቼኮች፣ ያልተከፈለ ዕዳ። አስረካቢ፣ ተረካቢና አንድ ታዛቢ ይፈርሙ። ይህ ወረቀት የቀድሞውንም ሰው ይጠብቃል። ያላጠፉ ከሆነ ስማቸው ከሐሜት የሚነጻበት የመጨረሻው ዕድል ሊሆን ይችላልና በጥድፊያ አይለፉት።

ሙዳየ ምጽዋቱ ሁለት ቁልፍ ይኑረው። አንዱ በካህናት ወገን ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ከምእመናን በተመረጠ ሰው እጅ ይሁን። እርስዎ ገንዘብ ያዡ ግን አንዱንም አይያዙ። ገንዘቡን የሚረከብና የሚመዘግብ ሰው ሣጥኑን መክፈት የሚችል ከሆነ ማንም ሊያረጋግጥለት የማይችለው ክፍተት ይፈጠራል፤ ሐሜት የሚገባውም በዚያ ነው። ከእያንዳንዱ ቆጠራ በኋላ በክዳኑ መጋጠሚያ ላይ ቀን የተጻፈበትና ሦስት ሰው የፈረመበት ወረቀት ይለጠፍ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከመከፈቱ በፊት ያልተቀደደ መሆኑን ሁሉም ይይ።

ቆጠራው ላይ ከሦስት ሰው ያላነሰ ይገኝ፤ አንድ ካህን፣ አንድ ምእመን፣ አንድ ወጣት ቢሆን ጥሩ ነው። ጠረጴዛው ላይ ከወረቀትና ከብዕር በቀር ምንም አይቀመጥ፤ ቦርሳና ጋቢ በር አጠገብ ይሁን። ብሩን በየዓይነቱ ይለዩ፦ ባለ 200፣ ባለ 100፣ ባለ 50፣ ባለ 10፣ ከዚያ ትንንሹና ሳንቲሙ። መቶ መቶውን ይሰሩ። አንዱ የቆጠረውን እስር ሌላው ይድገመው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛው ይቁጠር እንጂ በግምት አይታለፍ። ድምሩ በአኃዝና በፊደል በቃለ ጉባኤ ላይ በሦስት ቅጂ ይጻፍ። ሲፈረምበት ለጠቅላላው ገንዘብ ካርኒ ይቆረጥና የካርኒው ቁጥር በቃለ ጉባኤው ላይ ይሰፍር።

አብዛኛው አጥቢያ የሚሰናከለው ከዚህ በኋላ ነው። ገንዘቡ ገና ጠረጴዛ ላይ እያለ «ለመብራት ሠራተኛው ከዚሁ ይከፈለው» ይባላል። 18,000 ብር ተቆጥሮ 2,500ው ከዚያው ቢከፈልና ለ15,500 ካርኒ ቢቆረጥ፣ በዓመቱ መጨረሻ ገቢውም በ2,500 ጎድሎ ይታያል፣ ወጪውም የለም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ደረሰኝ ቢኖር እንኳ የሚታሰርበት ቦታ አያገኝም። የተቆጠረው በሙሉ ይግባ፤ ወጪ በወጪ ማዘዣ ብቻ ይውጣ። በዓለ ንግሥ እሑድ ከዋለና ባንክ ዝግ ከሆነ ገንዘቡ ሁለት ቁልፍ ባለው ካዝና ይደር፤ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰው ይዞት ይሂድ። ማንም ሰው፣ የታመነም ቢሆን፣ ቤቱ ወስዶ አያሳድር። በስልክ የሚገባውም ቢሆን፣ ቴሌብር ይሁን የባንክ ቁጥር፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ይሁን እንጂ በግለሰብ ስም ለአንድ ሳምንት እንኳ አይከፈት።

በዓይነት የሚመጣው ስለት ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጃንጥላ፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ በብዛትና በዓይነት ይመዝገብ፤ ወርቅ ከሆነ በሰጪው ፊት በግራም ተመዝኖ ፎቶ ይነሣ። ለሕንፃ ብሎ የሰጠ ሰው ገንዘቡ ለሕንፃ ነው፤ ለብቻው ዓምድ ይኑረው።

በየወሩ መዝገብዎን ከባንኩ ወረቀት ጋር ያስታርቁ። ለምሳሌ መዝገብዎ 84,300 ሲል ባንኩ 91,500 ቢል ልዩነቱ 7,200 ነው። ሲፈልጉት ለሲሚንቶ ነጋዴ የተጻፈ ገና ያልተመነዘረ 6,000 ብር ቼክ ያገኛሉ፤ ቀሪው 1,200 አንድ ምእመን በቀጥታ ባንክ አስገብቶ ካርኒ ያልተቆረጠለት ነው። ቼኩን በማስታወሻ ይያዙ፣ ለምእመኑ ካርኒ ይቁረጡ፤ ልዩነቱ ተገኘ። ይህ ለጀማሪ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ለስድስት ወር ከተጠራቀመ ግን ባለሙያም ይቸገርበታል።

ቅን ሰዎች የሚሠሩትን አንድ ስሕተት አጥብቀን እንንገርዎ። 200 ብር ቢጎድል ከኪስዎ አይሙሉ። መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ጉድለቱ ከየት እንደመጣ ይሸፈናል፣ መዝገቡም ውሸት ይሆናል። የጎደለውን ያንኑ ቀን ይጻፉና ለጉባኤው ያሳውቁ። አስተዳዳሪው በቃል ብቻ ገንዘብ ቢያዙ «አባታችን፣ ትእዛዝዎን በጽሑፍ ቢያደርጉልኝ አሁኑኑ እፈጽማለሁ» ማለት ድፍረት አይደለም፤ እሳቸውንም ከነገ ጥያቄ ያድናቸዋል። ጥፋት ያዩ ከመሰልዎ በመጀመሪያ ብቻዎን ያነጋግሩ (ማቴዎስ 18፥15)፤ በሽማግሌ ላይ የሚቀርብ ክስ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይፈልጋልና (1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19) ወረቀት ሳይዙ ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት አይሂዱ።

በየሦስት ወሩ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት አጭር ሪፖርት ይነበብ፦ የነበረው፣ የገባው፣ የወጣው፣ የቀረው፣ ያለብን ዕዳ። ስለ ዕዳ ካነሣን፣ የአገልጋዮች ደመወዝ ወራት ሳይከፈል ለጉልላት ቀለም የሚወጣ ወጪ ትክክል አይደለም ብለን እናምናለን። የሠራተኛ ደመወዝ ሲቀር እንደሚጮህ ያዕቆብ ጽፏል (5፥4)፤ ዲያቆኑና የቤቱ ጠባቂም ሠራተኞች ናቸው።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ሌሊት ተረኛ ሆኜ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት እወጣለሁ። ስደርስ ቅዳሴው ወደ ማለቁ ነው፤ ከቆረብኩም ቆይቷል። ከቤተ ክርስቲያን እየራቅኩ ይመስለኛል።

መልስ፦ እኅታችን፣ ያደርሽበት ቦታ ጌታ «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ካለው ሥራ የራቀ አይደለም። በሰንበት በጉድጓድ የወደቀ በግ እንዲወጣ የፈቀደ አምላክ (ማቴዎስ 12፥11) ለበሽተኛ ነቅተሽ ማደርሽን እንደ መቅረት አይቆጥርብሽም። ቁርባኑ ግን የሚናፈቅ ነውና መንገዱን እንፈልግ።

ብዙ ተረኞች የማያስቡት ቀን የጾም ቀን ነው። በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዐርብ ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ሲሆን እስከ 9 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ጠዋት 2 ሰዓት ከወጣሽ ሦስት ሰዓት ያህል ተኝተሽ መድረስ ትችያለሽ። ከመቁረብ በፊት የሚጾመው 18 ሰዓት ነው፤ የምትቀበዪው 9 ሰዓት ላይ ከሆነ ወደ ኋላ ስትቆጥሪ የመጨረሻው ምግብሽና ውኃሽ ከዋዜማው ማታ 3 ሰዓት በፊት መሆን አለበት። ተራሽ ማታ 2 ሰዓት ላይ የሚጀምር ከሆነ እራትሽን በልተሽ ግቢ። ለእሑድ ጠዋቱ ደግሞ፣ ሥጋ ወደሙ 2፡30 ላይ የሚሰጥ ከሆነ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8፡30 በኋላ አትቀምሺም ማለት ነው፤ ይህ ተረኛ ላልሆንሽበት ሌሊት ብቻ ይሁን።

ለምን ቢባል፣ ሌሊቱን ሙሉ ያልበላ ሰው ወደ ንጋት እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የመድኃኒት መጠን ሲያነብ ይሳሳታል። የበሽተኛው ደኅንነት በአንቺ ጾም ላይ መንጠልጠል የለበትም። ከባድ ሌሊት እንደሚሆን ካወቅሽ፣ ለምሳሌ ድንገተኛ ክፍል ከተመደብሽ፣ ቀኑን አሸጋግሪው። ሌላውን ዝግጅት ከንስሐ አባትሽ ጋር ጨርሺ፤ የተራ ሰሌዳሽን ወር በወር ብታሳዪያቸው እሳቸውም ቀኑን አብረውሽ ይመርጣሉ።

ከሥራ ባልደረቦችሽ ጋር መቀያየርም አለ። ሙስሊም ባልደረባሽ ዐርብ ቀትር ላይ እንድትሸፍኚላት ትፈልግ ይሆናል፤ አንቺም እሑድ ጠዋትን። ይህን በቃል ከመተው ሰሌዳው ከመውጣቱ በፊት ለኃላፊዋ ሁለታችሁ የፈረማችሁበት ወረቀት ስጡ። በቃል የተደረገ ቅያሬ አንዷ በታመመች ቀን ጠብ ያመጣል።

ጥያቄ፦ ከሥራ ከተቀነስኩ ወራት አልፈዋል። ባለቤቴ «ተመስገን በል» ትለኛለች፤ እላለሁም፤ ግን ከከንፈር አያልፍም። «ከአንተ የባሰ አለ» ሲሉኝ ደግሞ የባሰ ይከፋኛል።

መልስ፦ የሚከፋዎት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሌላው ጋር እየተመዛዘኑ ማመስገን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለው ፈሪሳዊ የጸለየው ጸሎት ነው፤ «እንደ ሌሎች ሰዎች ስላልሆንኩ አመሰግንሃለሁ» ነበር ያለው። ያ ምስጋና አልተወደደለትም። የባሰበት ሰው መኖሩ ሊታዘኑለት የሚገባ ነገር ነው፤ ለእርስዎ መጽናኛ ተደርጎ ሊቀርብ አይገባም።

ቤተ ክርስቲያን ያስተማረችን ምስጋና ሌላ መልክ አለው። በቅዱስ ባስልዮስ ጸሎተ አኮቴት «በጎ ነገርን ያደረገልንን እግዚአብሔርን እናመስግነው» ካልን በኋላ ምክንያቱ ይዘረዘራል፦ ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ አቅርቦናልና፣ ወደ እርሱ ተቀብሎናልና፣ አጽንቶናልና፣ እስከዚህችም ሰዓት አድርሶናልና። ሀብትና ሹመት ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ሥራ የሌለው ሰውም እያንዳንዱን ቃል በእውነት ሊለው ይችላል።

ማታ ከመተኛትዎ በፊት አሥር ደቂቃ ይመድቡ። ቃላቱን አንድ በአንድ ይውሰዱና ለእያንዳንዱ የዛሬን ነገር ይፈልጉ፤ የትናንትን ወይም የአጠቃላይ ሕይወትዎን አይደለም። «ረድቶናል» ሲሉ ማን ረዳዎት? ጎረቤት ያበደረው፣ ልጅ ያመጣው ውኃ፣ አንድ የተመለሰ የስልክ ጥሪ ሊሆን ይችላል። «ሰውሮናል» ላይ ምንም ካልመጣልዎ ዝም ብለው ይለፉት። በግድ የተፈለሰፈ ምስጋና ነው በከንፈር የሚያስቀር። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሦስቱ ባዶ ቢያልፉ አይደንግጡ። የማይሆነው በየቀኑ አንድ ዓይነት መልስ መስጠት ነው፤ «ለጤናዬ» ብቻ እያሉ ከደገሙ ጸሎቱ ወደ ልማድ ተመልሷል ማለት ነው።

ማዘንዎን ከዚህ አያስወጡት። ዳዊት ላይ በልቅሶ ጀምሮ በልቅሶ የሚያልቅ መዝሙር አለ፤ በእኛ ቁጥር 87ኛው፣ በዕብራውያኑ 88ኛው። ነቢዩ ዕንባቆምም ደስታውን የተናገረው በለሱ ሳያፈራ፣ በረት ባዶ ሆኖ፣ መንጋው ጠፍቶ ሳለ ነው። መጥፋቱን አልካደም፤ ቆጥሮ ነው የጻፈው። እርስዎም «ሥራዬን አጥቻለሁ፤ ፈርቻለሁ» ብለው ይጀምሩ፤ ከዚያ ወደ አኮቴቱ ይግቡ።

አንድ ተጨማሪ ነገር። በሳምንት አንድ ሰው ይምረጡና በደረሰልዎ በአንድ የተወሰነ ነገር ያመስግኑት። ደውለው «ያን ቀን ልጄን ትምህርት ቤት ስላደረስክልኝ አመሰግናለሁ» ብለው ይጨርሱ። በዚያው ጥሪ ሥራ እንዲፈልግልዎ አይለምኑ። ልመናው ነውር ሆኖ አይደለም፤ ለእርሱ ሌላ ቀን ይደውሉ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሰውየው ምስጋናውን እንደ መግቢያ ይሰማዋል።

ጥያቄ፦ በርበሬና ሽሮ በኪሎ እሸጣለሁ። በአካባቢዬ ሁሉም ሚዛን ያጎድላል፤ እኔ ብቻ ብሞላ እከስራለሁ። አሥራቱስ ከሽያጩ ነው ከትርፉ?

መልስ፦ ሒሳቡን አብረን እንየው። ጎረቤትዎ 950 ግራም ሰጥቶ በ1 ኪሎ ስም 400 ብር ቢቀበል እውነተኛ ዋጋው በኪሎ 421 ብር ገደማ ነው። እርስዎ ሙሉ ኪሎ በ420 ብር ቢሸጡ ገዢው አልተጎዳም፤ እርስዎም አልከሰሩም። ችግሩ ገዢው የሚያየው 400 እና 420 የሚለውን ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ የሚዛንዎ ገጽ ወደ ገዢው ይዙር፤ ሌላ ቦታ የገዛውን ይዞ መጥቶ በነጻ እንዲመዝን ይፍቀዱ። ይህን ያደረገ ሱቅ ደንበኛ እስኪያፈራ ጊዜ ይወስድበታል፤ መጀመሪያ ላይ ገቢው ሊቀንስ ስለሚችል ይዘጋጁበት። የሚጎድለው 50 ግራም ትንሽ አይምሰልዎ፤ በቀን 20 ኪሎ ለሚሸጥ ሰው በየቀኑ ከድኻ ጓዳ የተወሰደ 1 ኪሎ ነው። በዘዳግም 25 በከረጢትህ ትልቅና ትንሽ ሁለት ዓይነት ሚዛን አይኑርህ የተባለው ለገበያ ሰው ነው።

ሚዛን ሳይታወቅም ይሳሳታል። ዲጂታል ከሆነ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያስቀምጡና ወደ ዜሮ ይመልሱት፤ ከዚያ አንድ ሊትር ውኃ ይሙሉበት፤ 1 ኪሎ አካባቢ ማለት አለበት። ባለ ሁለት ሳህን ከሆነ ዕቃውንና መመዘኛ ብረቱን ቦታ ያቀያይሩ፤ ካጋደለ ክንዱ እኩል አይደለም። የብረቱን ሆድም ገልብጠው ይዩት፤ ከሥሩ የተሞላው እርሳስ ወድቆ ከሆነ ቀሏል። በርበሬ ላይ ውኃ የሚረጩ ሰዎች ክብደት ብቻ አይደለም የሚሰርቁት፤ እርጥብ በርበሬ ይሻግታል፣ ሻጋታውም ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያበጃል። ከጎደለ ሚዛን ላይ የሚጨመር ምርቃትም የገዢው የራሱ ገንዘብ ነው።

ለነጋዴ አሥራት ከትርፉ ነው። በ12,000 ብር ገዝተው በ15,500 ቢሸጡ፣ የመጓጓዣና የቤት ኪራይ 1,500 ቢሆን፣ ትርፉ 2,000፣ አሥራቱ 200 ብር ነው። ብዙዎች የሚስቱት ለቤት የሚወሰደውን ነው። ለጓዳ የወሰዱት ሦስት ኪሎ በርበሬ በዋጋው ካልተጻፈ ትርፉ ከእውነተኛው ያንሳል፤ አሥራቱም እንደዚያው። በደብተርዎ መጨረሻ ገጽ ላይ «ለቤት» የሚል ዓምድ ያስምሩ።

ጥያቄ፦ ብረት በያጅ ነኝ፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም አገለግላለሁ። ጓደኞቼ ሥራውን ትቼ ሙሉ ጊዜዬን ለእግዚአብሔር እንድሰጥ ይመክሩኛል።

መልስ፦ ወንድማችን፣ ባስልኤል የእግዚአብሔር መንፈስ ሞላበት የተባለው በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ ነው (ዘፀአት 31)። ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር። የእጅ ሥራን ማናናቅ ከወንጌል የመጣ አይደለም፤ ቀጥቃጭና ሸማኔ የሚሰደብበት የቆየ ልማዳችን ነው። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገር አስፈልጓቸዋል። ለክህነት ወይም ለምንኩስና መጠራት ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ በጓደኛ ምክር አይወሰንም። ከንስሐ አባትህ ጋር በጊዜ ይመርመር።

ለቤተ ክርስቲያን በነጻ መሥራት ከፈለግህ ትንሽ ነገር ወስደህ ጨርስ። «አጥሩን ሁሉ እሠራለሁ» ብሎ ጀምሮ የሚከፈልበት ሥራ ሲመጣ ለወራት የሚተው ሰው አለ። «በሩን ብቻ፣ በሦስት ቅዳሜ፤ ጉልበቱ የእኔ፣ ብረቱና ኤሌክትሮዱ የአጥቢያው» ብለህ በጽሑፍ አቅርብ። የማይታየውን የኋላ መጋጠሚያ እንደፊቱ በይደው፤ ከቀለም በፊት አንቲረስት ቀባው።

ጥያቄ፦ በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር በሰው ቤት እሠራለሁ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልችልም፤ የምጸልይበትም ጊዜ የለኝም። ጾሙም ይቸግረኛል።

መልስ፦ እኅታችን፣ በባሕረ ሰላጤ አገሮች ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ዐርብም ይቀድሳሉ፤ የዕረፍት ቀን ካለሽ ዐርብን ጠይቂ። መውጣት ካልተፈቀደልሽ የጸሎቱን ልክ ከሥራሽ ጋር አስማሚው። ጠዋት ከሁሉም ቀድመሽ ስትነሺ አቡነ ዘበሰማያት፤ ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀናት የተከፈለ ስለሆነ የዕለቱን ብቻ፤ ማታ ከዳዊት አንድ ንጉሥ። አሥር መዝሙር አንድ ንጉሥ ነውና በ15 ቀን ዳዊት ያልቃል። ሌሊት ላይ ስልክሽን የሚወስዱብሽ ከሆነ ጥቂቱን በቃልሽ ያዢ፤ ልብስ ስትተኩሺ ማለት የምትችዪው ያ ነው።

ስለ ጾሙ፣ የሚሰጥሽ ምግብ የፍስክ ብቻ ከሆነ ከአሠሪዎችሽ ጋር ሳትጣዪ ሩዝ፣ ምስር፣ ዳቦና አትክልት ለብቻው እንዲተውልሽ ጠይቂ፤ እነርሱም የሚጾሙ ስለሆኑ «ጾሜ ነው» የሚለው ቃል ይገባቸዋል። ካልሆነ ደክመሽ እንዳትወድቂ፤ ሁኔታሽን ለንስሐ አባትሽ በስልክ አስረጂና የሚያዝዙሽን ያዢ። የታመመች ሴት ጾም አይጠየቅባትም።